ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛው ደብዳቤ

በቴክኒክ ኮሌጁ ውስጥ ሁሉም ሰው «ፖስተኛዋ» ይላታል። ፖስታ ተሸክማ አታውቅም፤ ብስክሌትም የቆዳ ቦርሳም የላትም። ያላት ምድር ቤት ጥግ ላይ የተሰጠቻት ጠባብ ክፍል፣ ከመስታወት በር ጀርባ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ሰርቨር፣ የሚንገዳገድ ጠረጴዛና ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ነው። የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኛ ኢሜይል ግን በእሷ በር ካላለፈ የትም አይደርስም።

ስሙን ያወጡላት ሊቀልዱባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። አባቷ እውነተኛ ፖስተኛ ነበሩ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ከበር ወደ በር ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። «እኔ ስንት ጫማ የጨረስኩበትን ሥራ ልጄ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትሠራዋለች» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ፤ ሲያወሩም ኩራታቸውን መደበቅ አይችሉም። ሁለት ደንብ አስተምረዋታል። አንደኛው፣ የሰው ደብዳቤ አይከፈትም። ሁለተኛው፣ የወጣውና የገባው ሳይቆጠር ቤት አይገባም። ሦስተኛውን የጨመረችው ራሷ ናት፤ በሰርቨሩ ላይ አንዲት ነገር ብትነካ ምን እንደነካችና ለምን እንደነካች መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፤ ዓርብ ዓርብ ዳይሬክተሩ ይፈርሙበታል።

አጠራጣሪ ደብዳቤ ሲመጣ ማጣሪያው ይይዝና «ማቆያ» የምትለው ቦታ ያስቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ «በስምህ እነዚህ ታግደዋል» የሚል ዝርዝር ይላክለታል። በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ፈላጊ ያልመጣለት ደብዳቤ በራሱ ይጠፋል። ለራሷ ብቻ ይህን ዝርዝር አታስልክም። በር ላይ ለቆመ ሰው ማን እንደመጣ በማስታወሻ ይነገረዋል እንዴ፣ ትላለች።

አናጺው የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የእንጨት ሥራ መምህር ነበር፤ ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ እንደሰካ በሩን በጣቱ አንኳኳና ከተከፈተ በር ውጭ ቆሞ ጠበቀ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የኢሜይል ሳጥኔ አላስገባ አለኝ። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ።»

ሳጥኑ የተቆለፈው ዘጠኝ ጊዜ በመሞከሩ እንደሆነ አስረዳችው። ወንበር ሰጥታ፣ ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጣ፣ አዲስ የይለፍ ቃል እንዲያወጣ ነገረችው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት ቢገጥም ማንም እንደማይገምተው፣ እሱም እንደማይረሳው አከለችበት። እሱ ትንሽ አሰበና በደስታ «እሺ፣ የመጀመሪያው መሮ...» ብሎ ጮክ ብሎ ጀመረ።

በሁለት እጇ ጆሮዎቿን ያዘች። «አይንገሩኝ! ለእኔም ቢሆን አይነገርም።»

ያን ጠዋት የኬብሎቹን ጫፍ በሰማያዊ ቀለም ስትለይ ስለነበር ጣቶቿ ገና አልደረቁም። እሱ አያትና ፈገግ አለ፤ ቃሉን አጎንብሶ በዝምታ ጻፈ፤ አመሰገነና ሄደ። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሰጋቱራ ትቶላት ነበር። እፍ ብላ ልታስወግደው ከንፈሯን አሹላ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ተወችው።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የይለፍ ቃሉን ረስቷል። በሌላው ሳምንት ደግሞ ረሳ። በአራተኛው ሳምንት ስለ ይለፍ ቃል ማንሳቱንም ትቶ፣ ስለ ጠረጴዛዋ አነሳ። ከጠረጴዛው እግር ሥር አጥፋ ያስገባችውን ወረቀት አውጥቶ በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ አናጺ ባለበት ግቢ ውስጥ ይህ ነውር ነው አላት። በማግስቱ በልክ የተጠረበች የእንጨት ሽብልቅ አመጣ። ጠረጴዛው ቆመ። በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና ተንገዳገደ፤ አናጺውም እንደገና መጣ። እንዲህ እየተባለ ሁለት ወር አለፈ። «እርስዎ» መባባሉ መቼ «አንተ» እና «አንቺ» እንደሆነ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዎቹን የሚያገናኝ አንድ ነገር እንድትሠራለት ለመናት። ስልሳ ናቸው፤ በየከተማው የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተዋል፤ አንዱ ስለ እንጨት አደራረቅ ቢጠይቅ ሌላው ቢመልስለት ደስ ይለዋል። የጋራ የደብዳቤ ዝርዝር ሠራችለት፤ ወደ አንድ አድራሻ የተላከ ለስልሳውም ይደርሳል። እሱም «ሰላም ልጆቼ» ብሎ ጻፈ። አንዱ ተማሪ «ደርሶኛል መምህር» ብሎ መለሰ፤ መልሱም ለሁሉም ደረሰ። ይህን ያየ ሌላው «ለእኔም» አለ። ከምሳ በፊት ስልሳዎቹ ለስልሳዎቹ «ደርሶኛል» ተባብለው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ደብዳቤ በሰርቨሩ አለፈ።

ፖስተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወርክሾፑ ሮጠች። ልትቆጣ ነበር የሄደችው። እሱ ግን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እያንዳንዷን «ደርሶኛል» እያነበበ፣ ዓይኑ ዕንባ አቅርሮ አገኘችው። ይህኛው በመጀመሪያው ዓመት አውራ ጣቱን ሊቆርጥ የነበረ ነው፤ ያኛው ደግሞ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል እያለ አንድ በአንድ ነገራት። ቁጣዋ የት እንደገባ እንጃ። ወንበር የሚመስል ግንድ ላይ ተቀምጣ እስከ ደወል ድረስ ሰማችው። ስትመለስ ዝርዝሩን አስተካከለች፤ ከእንግዲህ መልስ ለላኪው ብቻ እንጂ ለሁሉም አይሄድም። መዝገቡ ላይም ጻፈችው። ያልጻፈችው እንደወደደችው ነው። እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጣ ነው ያወቀችው፤ ካወቀችም በኋላ የእግሩን ኮቴ ከሌላው ሰው ኮቴ መለየት ጀመረች።

ከዚያ ያ ክፉ ሰኞ መጣ።

በዳይሬክተሩ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ለሁሉም ደረሰ። «ሳጥናችሁ ሞልቷል፤ እዚህ ገብታችሁ የይለፍ ቃላችሁን አስገቡ» ይላል። ስሙ የዳይሬክተሩ፣ አድራሻው ግን የማይታወቅ የውጭ ሰው ነበር። አሥራ አንድ ሠራተኞች አስገቡ። ሌባው በአሥራ አንዱ ሳጥን ገብቶ እስከ ቀትር አርባ ሺህ አይፈለጌ ደብዳቤ ለዓለም በተነበት፤ የዓለም ሰርቨሮችም የኮሌጁን ደብዳቤ አንቀበልም ብለው በራቸውን ዘጉ። ፖስተኛዋ ሳጥኖቹን ቆልፋ፣ ቆሻሻውን ጠርጋ፣ ለእያንዳንዱ ሰርቨር በረኛ እየጻፈች ስትለምን ሦስት ቀን ፈጀባት። ሐሙስ ማታ በሩ ተከፈተ።

ዓርብ አዲስ ደንብ አበጀች። የኮሌጁን ሠራተኛ ስም ተሸክሞ ከውጭ አድራሻ የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ይታገዳል። መሥራቱን ለማረጋገጥ በሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሠራተኞች ስም፣ «ሙከራ» የሚል ርዕስ ሰጥታ፣ ከውጭ አድራሻ ለራሷ ሳጥን ላከች። ማቆያውን ስትከፍት ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ማጣሪያው አንድም አላሳለፈም። ዓይኖቿ ከድካም ብዛት ስሞቹን እየደራረቡ ያዩ ነበር። መብራቱን አጥፍታ ወጣች። ያን ቀን ብቻ፣ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የወጣውንና የገባውን አልቆጠረችም።

ዳይሬክተሩ ግን አንድ ልመና ነበራቸው። አንዳንዴ ከቤት በግል አድራሻቸው ስለሚጽፉ ለእሳቸው ብቻ በሩ ይከፈትላቸው ዘንድ ጠየቁ። አይሆንም አለቻቸው። ለአንድ ሰው ከተከፈተ በሩ በር አይደለም፤ ያን ሰኞ ያስመጣውም የእሳቸው ስም ነው። ዳይሬክተሩ አጉረመረሙ፤ ግን ፈረሙ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስባ አስተማረች። ማጣሪያው እንዴት እንደሚይዝ አልተናገረችም፤ የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ በአደባባይ አይወራም። የተናገረችው ሰው ማድረግ ያለበትን ነው። «ልባችሁን የሚያስደነግጥ ወይም የሚያስፈነጥዝ ደብዳቤ ከደረሳችሁ እዚያው አትመልሱ» አለች። «ተነሡና ላኪውን በእግራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁት። አንተ ነህ የጻፍከው በሉት።»

አናጺው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ይህን ስትል ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ፣ ጉባኤው ሳያልቅ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ምድር ቤት አልወረደም። አንድ ሳምንት ጠበቀችው። ጠረጴዛው ተንገዳገደ፤ የወረቀት እጥፋት ልታደርግለት አጎነበሰችና ሽብልቋን ስታይ ተወችው። በሁለተኛው ሳምንት መተላለፊያው ላይ ተገናኙ። ኮፍያውን ነካ አድርጎ «እንደምን አደሩ» አላት። እርስዎ አላት! ከዘለፋ ይልቅ ያ «አደሩ» ነው የቆረጣት። ምን በደልኩት ብላ ልትጠይቀው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ኩራት የሚባል ነገር ደግሞ አለ፤ «ደኅና አደሩ» ብላ አለፈች።

በሦስተኛው ሳምንት የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ የማይውልላት፣ አናጺው በሌላ ከተማ ለሚከፈተው ቅርንጫፍ ወርክሾፕ ሊያቋቁም ተጠይቆ መስማማቱን ይዛላት ወረደች። የሚሄደው ዓርብ ከሰዓት ነው። ፖስተኛዋ «ደስ ይላል» አለች። ሴትየዋ እስክትወጣ ጠበቀችና ሰርቨሩ ወዳለበት ገብታ፣ ሰው እንዳይሰማት በጩኸቱ ተሸፍና አለቀሰች።

አባቷ እራት ላይ ፊቷን አዩ። ከዚያ በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ከቦርሳቸው ሥር የቀረች አንዲት ደብዳቤ በማግስቱ እንዳገኙና ባለቤቷ ቤት ድረስ በሩጫ እንደሄዱ አወሩላት። «ምን ነበር የተጻፈባት?» አለቻቸው። «እኔ ምን አውቄ» አሉ ተገርመው። «የሰው ደብዳቤ ነዋ። ግን ሴትየዋ በሩ ላይ አንብባ አቀፈችኝ።»

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ ስለ አዲሱ ደንብ የጽሑፍ ሪፖርት ፈለጉ። ቁጭ ብላ ጻፈች። የተላከ ሙከራ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። የታገደ የሚለውን ለመሙላት የራሷን ሳጥን ማቆያ ከፈተች። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ይላል።

እንደገና ቆጠረች። አሁንም ሦስት መቶ አሥራ ሦስት። የአባቷ ልጅ ናት፤ አንድ ደብዳቤ ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ስሞቹን በቅደም ተከተል አሰለፈቻቸው። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ነበሩ። የአናጺው ስም ግን ከነአባቱ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የአንዱ ርዕስ «ሙከራ» ነው። የሌላው «ስለ ጠረጴዛሽ»።

ዛሬ ማታ በራሱ የሚጠፋ ደብዳቤ ነበር። የሰው ደብዳቤ አይከፈትም፤ ይህ ግን የእሷው ነው። ከፈተችው።

«ይህን በቢሮው አድራሻ ያልላክሁት በረኛዋን በራሷ በር ማስቸገር ነውር ስለመሰለኝ ነው። በሌላ ከተማ ወርክሾፕ ክፈት ተብያለሁ፤ መልስ የምሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት እውነቱን ልንገርሽ። ጠረጴዛሽ ጤነኛ ነው፤ ጠማማው ወለሉ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ሽብልቋን አሳንሼ የምጠርባት ተመልሼ እንድመጣ ብዬ ነው። የይለፍ ቃሌንም የረሳሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እወድሻለሁ። አንቺም እንደዚያ ከሆንሽ ና በይኝ ወይም ነይ። ካልሆንሽ መመለስ አያስፈልግሽም፤ ዝምታሽ ይበቃኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

ሦስት ሳምንት ዝም ብላዋለች። በአዳራሹ ፊት ቆማ፣ ልብ የሚያስፈነጥዝ ደብዳቤ የደረሰው በእግሩ ይሂድ ብላ፣ ራሷ ሳትሄድ ሦስት ሳምንት! ያ ቀና ብሎ ማየቱ፣ ኮፍያውን ማንሳቱ፣ ያ «እንደምን አደሩ» ሁሉ አሁን ገባት። ሳቅም ለቅሶም በአንድ ጊዜ መጣባት። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ወርክሾፑ ውስጥ ተማሪ አልነበረም። አናጺው መላጊያዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ይደረድራል። ኮቴዋን ሰምቶ ቀና አለ። ትንፋሿ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ በአዳራሹ በተናገረችበት ድምፅ ጀመረች።

«አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ላኪው አንተ እንደሆንክ ይናገራል፤ አድራሻው ግን የውጭ ነው። በደንቡ መሠረት በአካል ላረጋግጥ መጥቻለሁ።»

መላጊያው እጁ ላይ ቀረ። «መቼ ነው የደረሰሽ?»

«አሁን። ከመሮጤ በፊት።»

«እኔ የላክሁት እኮ...»

«ሦስት ሳምንቱ ነው። ያገድኩት እኔ ነኝ። በገዛ ስምህ፣ በገዛ እጄ።»

ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ በአጭሩ ነገረችው፤ ስለ ደንቡ፣ ስለ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሙከራ፣ ስላልቆጠረችው አንድ ቀን። ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሳቅ መጣ። ሊነሣ ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«አልጨረስኩም። ሌባም በስምህ ሊጽፍ ይችላል። አንተ መሆንህን እንዳውቅ ሌላ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ንገረኝ።»

ብዙ አላሰበም። «የመጀመሪያው ቀን ጆሮሽን ስትይዢ ጣትሽ ሰማያዊ ነበር» አለ። «እጅሽን ስታወርጂ የቀኙ ጆሮሽ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀረ። ልነግርሽ አፈርኩ። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ሁለት እግር ወንበር በስህተት አሳጥሬ ቆረጥኩ።»

ያን ቀን ማታ አባቷ «ጆሮሽን ማን ቀለም ቀባሽ?» ብለው እንደሳቁባት ትዝ አላት። ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም።

«ተረጋግጧል» አለች። ከዚያ ያ የአዳራሽ ድምፅ ከዳት። «እኔም እወድሃለሁ። ደንብ አለኝ ብዬ ላጣህ ነበር እኮ።»

ሰጋቱራው መሃል ተቃቀፉ።  ቆይቶ እሱ፣ ፈርሜያለሁ፣ ስድስት ወር ነው፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ግን ቅር የሚልሽ ከሆነ ይቅርታ ጠይቄያቸው ልቅር አላት። እሷ በእጇ ከጸጉሩ ላይ ሰጋቱራውን እያራገፈች ራሷን ነቀነቀች።

«ሂድ» አለችው። «ደብዳቤ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው።»

መላጊያዎቹን አብራው ጠቀለለች። ከሰዓት በኋላ ሸኝታው ስትመለስ ማጣሪያውን ከፈተችና መዝገቡን አወጣች። «ለአንድ የውጭ አድራሻ፣ ወደ አንድ ሳጥን ብቻ፣ በሩ ተከፍቷል» ብላ ጻፈች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ትንሽ ቆም አለችና ጨመረች፦ «ላኪው በአካል ተረጋግጧል።»

ዳይሬክተሩ ሊፈርሙ ሲሉ መነጽራቸውን አወረዱ። «እኔም በአካል ብመጣ ይከፈትልኛል?»

«አይከፈትም» አለች፤ ጉንጯ ግን ቀልቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ጉንጯን አይተው፣ መዝገቡን አይተው፣ ከእስከዛሬው ሁሉ የበለጠ ሰፊ ፊርማ ፈረሙላት።

ስድስት ወር በየቀኑ ደብዳቤ ገባ፣ በየቀኑም ወጣ። ስለ አዲሱ ወርክሾፕ ጣሪያ፣ ስለ አባቷ ጉልበት፣ ስለ ናፍቆት። ጠረጴዛው እንደተንገዳገደ ቆየ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደችም። አናጺው ሲመለስ መጀመሪያ ወደ አባቷ ቤት ሄዶ በሩን በጣቱ አንኳኳና ቆሞ ጠበቀ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩት። እሱ ልጃቸውን ለመጠየቅ ብዙ ቃል ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሳቸው ግን «ግባ፣ ደብዳቤህ ቀድሞህ ደርሷል» አሉት።

የሠርጉን ቀን ለስልሳ ልጆቹ በጋራ ዝርዝሩ ላይ ጻፈላቸው። ፖስተኛዋም ያን ቀን መዝገቡን አወጣችና፣ ለአንድ ቀን ብቻ መልስ ለሁሉም እንዲደርስ ፈቀደች፤ ምክንያቱን ስትጽፍም አላፈረችም። ከዚያ ጎርፉ መጣ። «እንኳን ደስ አለህ መምህር» አለ አንዱ፤ «እኔም ደስ ብሎኛል» አለ ሌላው፤ ሰርቨሩ ከመስታወቱ ጀርባ ያጉረመርማል፤ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሏን ሊያዩ መጥተው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ይመለከታሉ። አናጺው ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ወለሉን ይለካል። በዚህኛው ሽብልቅ ተመልሶ የሚመጣበት ሰበብ አያስፈልገውም።

ሥራ ሲያበቃ ሁለቱ ወንዶች ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። እሷ አልተነሣችም። የወጣውን ቆጠረች፤ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። የገባውን ቆጠረች፤ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ጸንቶ በቆመው ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ዘጋችና አብረው ወደ ቤት ሄዱ።